ከሆድ ቀዶ ሕክምና በኋላ የሚታይ ትኩሳትና የደም ምርመራ ለውጥ፦ የሰውነት ምላሽ ነው ወይስ ኢንፌክሽን?

የጠያቂያችን ጉዳይ በአጭሩ የሚከተለው ነው። የ61 ዓመት አባታቸው ትልቁ አንጀት በድንገት ተጠምዝዞባቸው ሆዳቸው በቀዶ ሕክምና ተከፍቷል፤ የተጎዳው የአንጀት ክፍል ተቆርጦ ከወጣ በኋላ ሁለቱ ጫፎች ተገናኝተው ተሰፍተዋል። በሁለተኛው ቀን የሰውነታቸው ሙቀት 38.2፣ ነጭ የደም ሕዋሳቸው 14,000፣ ሲአርፒ የተባለው ምርመራ በሊትር 160 ሚሊ ግራም፣ የደም ስኳራቸው ደግሞ 170 ሆኖ ተገኝቷል፤ የስኳር በሽታ ግን ኖሮባቸው አያውቅም። እስካሁን አየር አልወጣቸውም። ሐኪሞቹ «የቀዶ ሕክምናው ምላሽ ነው» ብለው ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒቱን ሳይቀይሩ ቀጥለዋል፤ አሜሪካ የምትኖረው ነርስ እህታቸው ግን ኢንፌክሽን ስለሚሆን ጠንከር ያለ መድኃኒት ይጀመር ትላለች። በመጨረሻም የአባታቸው በሽታ የመከላከል አቅም ከእንግዲህ ደክሞ ይቀር እንደሆነ ይጠይቃሉ።

ከላኩልኝ መረጃ ብቻ ተነሥቼ አባትዎ ኢንፌክሽን የለባቸውም ለማለት አልችልም፤ ይህን ሊወስን የሚችለው ሆዳቸውን በእጁ የሚዳስሰው ሐኪም ነው። ነገር ግን ከዘረዘሯቸው ለውጦች አንዱም ቢሆን በሁለተኛው ቀን ሲታይ ብቻውን የኢንፌክሽን ማስረጃ አይሆንም። ትኩሳቱ፣ የነጭ ሕዋሱ መብዛት፣ ሲአርፒው፣ ስኳሩና የአንጀቱ ሥራ ማቆም ሁሉም ከአንድ ምንጭ ሊመጡ ይችላሉ፤ ያም ሰውነት ለደረሰበት ቁስለት የሚሰጠው የብግነት ምላሽ ነው። የሐኪሞቹና የእህትዎ ክርክር የሚለየው ዛሬ በታየው ቁጥር አይደለም፤ ቁጥሩ ከሦስተኛው እስከ አምስተኛው ቀን ድረስ በሚይዘው አካሄድ ነው። ለምን እንዲህ እንደምል በመጠኑ ዘርዘር አድርጌ ላስረዳ።

ብግነት ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ተሕዋስያን የገቡበትን፣ ቀልቶና አብጦ የሚያመረቅዝ ቁስል ነው። ይሁን እንጂ ሰውነት እንዲቆጣ ተሕዋስያን የግድ አያስፈልጉም። በምላጭ የተቆረጠ፣ በመጎተት የተቀደደ ወይም ደም አጥቶ የሞተ ሕዋስ በውስጡ የነበረውን ወደ ውጭ ያፈሳል፤ ከሚፈሱት ነገሮች መካከል በጤናማ ጊዜ ከሕዋስ ውጭ መታየት የሌለባቸው ፕሮቲኖችና የሚቶኮንድሪያ ዘረ መል ይገኙበታል። ሚቶኮንድሪያ በሩቅ ዘመን ከባክቴሪያ የመጣ የሕዋስ አካል በመሆኑ ዘረ መሉ እስከ ዛሬ የባክቴሪያን ይመስላል፤ የመከላከያ ሕዋሳትም ሲያገኙት ባክቴሪያ እንዳገኙ ያህል ይነሣሉ። ፖሊ ማትዚንገር የተባለችው ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1994 ባቀረበችው ሐሳብ የመከላከል ሥርዓቱ የሚነቃው ባዕድ ነገር ስላየ ብቻ ሳይሆን አደጋ መድረሱን የሚናገር ምልክት ስለደረሰው ጭምር ነው ብላ ነበር፤ ቀዶ ሕክምና ለዚህ ከሁሉ የተሻለ ማሳያ ይመስለኛል። ንጽሕናው ፍጹም በተጠበቀ ክፍል፣ አንዲት ባክቴሪያ ሳትገባ የተሠራ ቀዶ ሕክምና እንኳ ትኩሳት ሊያስከትል የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

በቁስሉ አካባቢ ያሉት ማክሮፋጅ የተባሉ ሕዋሳት ይህን ምልክት ሲቀበሉ ሳይቶካይን የተባሉ መልእክተኛ ፕሮቲኖችን ወደ ደም ይለቃሉ። ከእነዚህ ውስጥ ለእርስዎ ጥያቄ ዋናው ኢንተርሉኪን 6 ነው። ይህ ፕሮቲን ሆድ ከተከፈተ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ በደም ውስጥ ከፍ ይላል፤ አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያው ቀን ጣሪያው ላይ ይደርስና ይወርዳል። መጠኑም ከቁስለቱ ስፋት ጋር አብሮ ይሄዳል፤ ብዙ ሕብረ ሕዋስ የተቆረጠበትና ረጅም ሰዓት የፈጀ ቀዶ ሕክምና አነስተኛ ከሆነው ይበልጥ ያስነሣዋል። ወደ አንጎል የሚደርሰው መልእክት የሰውነትን ሙቀት ከፍ ያደርጋል፤ ወደ ጉበት የሚደርሰው ደግሞ ጉበት መደበኛ ሥራውን ቀነስ አድርጎ ሲአርፒን የመሳሰሉ ፕሮቲኖችን በብዛት እንዲሠራ ያዝዘዋል።

ሲአርፒ እ.ኤ.አ. በ1930 በኒው ዮርኩ የሮክፌለር ተቋም ቲሌትና ፍራንሲስ በተባሉ ተመራማሪዎች በሳንባ ምች በሽተኞች ደም ውስጥ የተገኘ ፕሮቲን ነው። በኢንፌክሽን ታማሚዎች ላይ ስለተገኘ ዛሬም ድረስ ብዙ ሰው የኢንፌክሽን መለኪያ ብቻ አድርጎ ያየዋል፤ ጉበት ግን ትእዛዙ ከተሕዋስያን ይምጣ ከምላጭ አይለይም። ሲአርፒ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ባለው ጊዜ መጨመር ይጀምራል፤ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ከፍተኛው ላይ ይደርሳል፤ በተከፈተ የአንጀት ቀዶ ሕክምና ያኔ ከ100 እስከ 200 መድረሱ የተለመደ ነው። ጉበት ማምረቱን ሲቀንስ በደም ውስጥ ያለው መጠን በየ19 ሰዓቱ ገደማ በግማሽ ይቀንሳል። ስለዚህ በሁለተኛው ቀን 160 መሆኑ የሚጠበቅ ነው፤ በአምስተኛው ቀን ያው 160 ሆኖ ቢገኝ ግን ጉበት ትእዛዝ መቀበሉን አላቆመም፣ የሆነ ቦታ ገና ያልበረደ ነገር አለ ማለት ነው።

ስኳሩና ነጭ የደም ሕዋሱ በሌላ መንገድ፣ በነርቭና በሆርሞን በኩል የመጡ ናቸው። ከቁስሉ የሚነሣው የሕመም ምልክት ወደ አንጎል ሲደርስ አድሬናል እጢዎች ኮርቲሶልና አድሬናሊን ይለቃሉ። ሁለቱ ሆርሞኖች ከጉበት ስኳር ያስወጣሉ፣ ኢንሱሊንን ያዳክማሉ፣ ጡንቻን አፍርሰው ለጥገና የሚውል ፕሮቲን ያቀርባሉ። የግላስጎው ሐኪም ዴቪድ ከትበርትሰን እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ አጥንታቸው የተሰበረ ሰዎችን ሽንት እየለካ ከአደጋ በኋላ ሰውነት የራሱን ጡንቻ እንደሚበላ ያሳየው ይህን ነበር። በደም ሥር ግድግዳ ላይ ተለጥፈው የነበሩት ኒውትሮፊል የተባሉ ነጭ የደም ሕዋሳትም በእነዚሁ ሆርሞኖች ተገፍተው ወደ ደም ዝውውር ይገባሉ፤ ከመቅኔም ተጨማሪ ይወጣል። አሥራ አራት ሺህ የሆነው በዚህ ነው። የደም ምርመራ ወረቀቱን ድጋሚ ቢያዩት ኒውትሮፊል ሲበዛ ሊምፎሳይት የተባለው ሌላው ዓይነት ነጭ ሕዋስ እንደቀነሰ ያገኙ ይመስለኛል። ከወገብ በታች የሚያደነዝዝ ወይም በጀርባ በኩል በቱቦ የሚሰጥ ማደንዘዣ የሆርሞኑን ምላሽ በሚገባ ሊቀንሰው ሲችል ኢንተርሉኪን 6ን ግን እምብዛም አይነካውም፤ ሁለቱ መንገዶች የተለያዩ ለመሆናቸው ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለም።

ሆድ ከሌላው የሰውነት ክፍል የሚለይበት የራሱ ባሕርይም አለው። የሆድ ዕቃን የሚሸፍነው ፔሪቶኒየም የተባለ ስስ ሽፋን ተዘርግቶ ቢለካ ከሰውነት ቆዳ ስፋት ጋር ይቀራረባል፤ ሆድ ሲከፈት ይህ ሁሉ ስፋት ለአየር፣ ለብርሃን፣ ለጓንትና ለደረቅ ጨርቅ ይጋለጣል። ሞራው ደግሞ ብዙዎች እንደሚገምቱት ስብ ብቻ አይደለም፤ በውስጡ የመከላከያ ሕዋሳት የተከማቹባቸው ነጫጭ ነጠብጣቦች አሉት፤ የተቀደደ ወይም የተቆጣ አካል ሲኖር ወደዚያው ሄዶ ይለጠፋል። በተነካካው ሽፋን ላይ ፋይብሪን የተባለ የሚያጣብቅ ፕሮቲን ይፈስሳል። በጤናማ ሁኔታ ይህን ፋይብሪን የሚያሟሟ ንጥረ ነገር አለ፤ ብግነቱ ግን ማሟሟቱን ለቀናት ያዳክመዋል፤ ሳይሟሟ የቀረው ፋይብሪን ወደ ጠባሳ ተለውጦ አንጀትን ከአንጀት፣ አንጀትን ከሆድ ግድግዳ ያጣብቃል። ሆዳቸው ከተከፈተ ሰዎች በአብዛኞቹ ላይ እንዲህ ያለ መጣበቅ ይፈጠራል፤ ችግር የሚያመጣው ግን በጥቂቶቹ ላይ ነው። ከዓመታት በኋላም ሊሆን ስለሚችል አባትዎ ወደፊት ሆዳቸው ተነፍቶ ቢያስመልሳቸውና አየር ቢከለክላቸው ሐኪም ቤት ከመሄድ መዘግየት የለባቸውም።

አየር አለመውጣቱ ቤተሰብን ከሁሉ ይበልጥ የሚያስጨንቅ ስለሆነ ለብቻው ልመልሰው። በአንጀት የጡንቻ ሽፋን ውስጥ በመደበኛ ጊዜ ጸጥ ብለው የሚኖሩ ማክሮፋጆች አሉ። የቀዶ ሐኪሙ እጅ አንጀቱን ሲነካና ሲያገላብጥ፣ ምንም ያህል ቢጠነቀቅ፣ እነዚህ ሕዋሳት ይነሣሉ፤ ናይትሪክ ኦክሳይድና ሌሎች ጡንቻን የሚያዝሉ ነገሮችን ይለቃሉ፤ ከደም የመጡ ነጭ ሕዋሳትም የአንጀቱን ጡንቻ ይወሩታል። አንጀቱ ለጊዜው መንቀሳቀስ ያቆማል። ቀጭኑ አንጀት አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ቀን፣ ጨጓራ በአንድ ወይም በሁለት ቀን፣ ትልቁ አንጀት ደግሞ በሁለትና በሦስት ቀን ውስጥ ወደ ሥራው ይመለሳል። የአባትዎ አንጀት ተጠምዝዞ ደም አጥቶ የቆየ በመሆኑ ትንሽ ቢዘገይ አይገርምም። ሞርፊንና ትራማዶልን የመሰሉ ማስታገሻዎች ያዘገዩታል፤ በጊዜ ተነሥቶ መራመድ ይረዳል፤ ሐኪማቸው ከፈቀደ ማስቲካ ማኘክም የምግብ መምጣትን የሚያበስር የነርቭ ምልክት ስለሚያስነሣ አንጀትን በመጠኑ ያነቃቃል።

የተጠመዘዘ አንጀት ሌላም ጣጣ አለው። ደም የተቋረጠበት ክፍል ውስጥ መርዛማ ነገርና ባክቴሪያ ይጠራቀማል፤ የሞተ አንጀት ተፈትቶ ደም እንደገና ቢያልፍበት ያ ሁሉ በአንድ ጊዜ ወደ ደም ይገባል። ስለዚህ አንጀቱ እንደጠቆረና እንደሞተ ካየን ጥምዙን ሳንፈታ እንዳለ ቆርጠን እናወጣዋለን። በአገራችን የትልቁ አንጀት መጠምዘዝ ከአንጀት መዘጋት ዋና ምክንያቶች አንዱ ነው፤ ከገጠር ዘግይተው የሚመጡ በሽተኞች ብዙዎች ስለሆኑም ገና ምላጭ ሳይነካቸው ብግነቱ ጣሪያ ነክቶ እናገኘዋለን። የአባትዎ ሲአርፒ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ተለክቶ ከሆነ ያ ቁጥር ከዛሬው ጋር ሊነጻጸር ይገባዋል።

አሁን ወደ በሽታ የመከላከል አቅም ልምጣ። በእኛ የትምህርት ዘመን የሚነገረው ሰውነት በመጀመሪያ እንደሚቆጣ፣ ቁጣው ካለፈ በኋላ ደግሞ የሚያካክስ ድክመት እንደሚከተል ነበር፤ አሜሪካዊው ሐኪም ሮጀር ቦን እ.ኤ.አ. በ1996 ለዚህ ሁለተኛ ምዕራፍ ስም አውጥቶለታል። እ.ኤ.አ. በ2011 ከባድ አደጋ የደረሰባቸውን ሰዎች ነጭ ሕዋሳት ዘረ መል የመረመረ ሰፊ ጥናት ግን ሁለቱ የሚከታተሉ ሳይሆኑ በአንድ ጊዜ የሚካሄዱ መሆናቸውን አሳየ፤ የቁጣው ዘረ መሎች በሚነሡበት ሰዓት የሊምፎሳይቶቹ ሥራ ይዳከማል። በቀዶ ሕክምናም የምናየው ይህንኑ ነው። ሊምፎሳይት በመጀመሪያው ቀን ይቀንሳል፤ ሞኖሳይት የተባሉት ሕዋሳት ባዕድ ነገርን ለሌሎች የሚያሳዩበት ኤችኤልኤ ዲአር የተባለው ፕሮቲን በሰዓታት ውስጥ ከላያቸው ይቀንሳል፤ ኮርቲሶልም ይህን ያባብሳል። በመሆኑም አባትዎ በዚህ ሳምንት ውስጥ ለሳንባ ምችና ለቁስል ማመርቀዝ ከወትሮው ይልቅ የተጋለጡ ናቸው። ችግር ካልገጠማቸው አብዛኛው በሳምንት፣ ቢበዛ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ወደ ቦታው ይመለሳል። በትርፍ አንጀት፣ በሐሞት ከረጢት ወይም በተወሰነ የትልቁ አንጀት ክፍል መውጣት ምክንያት ዕድሜ ልኩን በሽታ የመከላከል አቅሙ ደክሞ የሚቀር ሰው የለም። ከሆድ ዕቃ ይህን ጠባይ የያዘው ጣፊያ ብቻ ነው፤ ጣፊያው የወጣለት ሰው የሳንባ ምች ለሚያመጣው ኒሞኮከስና ለማጅራት ገትር ባክቴሪያ ዕድሜውን ሙሉ ስለሚጋለጥ ክትባት መውሰድ፣ ትኩሳት ሲሰማውም ሳይውል ሳያድር መታየት አለበት። አባትዎን ይህ አይመለከታቸውም።

ድክመቱ እንዳይረዝም ማድረግ የሚቻለው አብዛኛው ነገር የሚከናወነው በቀዶ ሕክምናው ክፍልና በዙሪያው ነው። ሰውነትን ማሞቅ አንዱ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1996 በወጣ ጥናት የትልቁ አንጀት ቀዶ ሕክምና ከተደረገላቸው 200 ሰዎች መካከል ሰውነታቸው እንዲቀዘቅዝ ከተተዉት 19 በመቶው፣ እንዲሞቁ ከተደረጉት ግን 6 በመቶው ብቻ ቁስላቸው አመርቅዟል። ብርድ ልብስ ይህን ያህል መሥራቱ ዛሬም ይደንቀኛል። ሆድን ሳይከፍቱ በካሜራ መሥራት ብግነቱን ይቀንሳል፤ ለተጠመዘዘና ለተነፋ አንጀት ግን ሁልጊዜ አይመችም። ደም መስጠትም ራሱ የመከላከል አቅምን ለጊዜው ስለሚያዳክም ካላስፈለገ አይሰጥም። የአባትዎ ስኳር 170 መሆኑን በተመለከተ ሐኪሞቹ ከ180 እንዳያልፍ እየተከታተሉት እንደሚሆን አምናለሁ፤ ስኳር ሲበዛ የኒውትሮፊል ባክቴሪያ የመዋጥ አቅም ይቀንሳልና። ከሁለት ወራት በኋላ ግን በጾም ሆድ ደግመው ይመርመሩ፤ በዚህ ዓይነት አጋጣሚ ተደብቆ የኖረ የስኳር በሽታ የሚገለጥባቸው ሰዎች አሉ።

እህትዎ ያነሡት የጠንካራ መድኃኒት ሐሳብ ከቅን ልብ የመጣ ነው፤ ሆኖም ፀረ ተሕዋስያን ባክቴሪያን እንጂ ብግነትን አያጠፋም። የሆድ ውስጥ ኢንፌክሽን ምንጩ በቀዶ ሕክምና ከተወገደላቸው 518 ሰዎች ጋር የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት መድኃኒቱን አራት ቀን ያህል ሰጥቶ ማቆም ምልክቶቹ እስኪጠፉ ስምንት ቀን ያህል ከመስጠት ጋር ተመሳሳይ ውጤት እንዳለው አሳይቷል። ትኩሳቱ ስላልጠፋ ብቻ መድኃኒት መለዋወጥ መድኃኒት የተላመዱ ተሕዋስያንን ያበራክታል፤ ከዚያም የባሰው፣ ሆድ ውስጥ የሚያፈስስ ስፌት ቢኖር ምልክቱን ለቀናት ሊሸፍን ይችላል። አንድ ነገር ልጨምር፦ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ለመጣ ትኩሳት በዊዳልና በዌል ፊሊክስ ምርመራ «ታይፎይድና ታይፈስ አለበት» ተብሎ መድኃኒት ሲጀመር በየጊዜው አያለሁ። አንድ ጊዜ ብቻ የተሠራ ዊዳል ቀደም ሲል የነበረን ንክኪ ሊያሳይ ስለሚችል ለዚህ ውሳኔ አይበቃም። አባትዎ ከወባማ አካባቢ የመጡ ከሆነ ግን የወባ ምርመራው ተገቢ ነው።

ለምግብ ሲፈቀድላቸው ዋናው ፕሮቲን ነው፤ በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደታቸው እስከ አንድ ግራም ተኩል፣ ማለትም 60 ኪሎ ቢመዝኑ 90 ግራም ያህል ያስፈልጋቸዋል። አንድ እንቁላል ስድስት ግራም ገደማ ብቻ ስለሚሰጥ ወተት፣ ሥጋ፣ ዓሣ፣ ምስርና ሽሮ ተጨማምረው መቅረብ አለባቸው። እንቁላልና ሥጋ ቁስል ያመረቅዛል የሚለው አባባል መሠረት የለውም። ጾም የሚጾሙ ከሆነ ከንስሐ አባታቸው ጋር ተመካክረው እስኪያገግሙ ቢያቆዩት መልካም ነው። የመከላከል አቅም ይጨምራሉ ተብለው በየፋርማሲው ለሚሸጡ እንክብሎች ገንዘብ አያውጡ። ዳይክሎፌናክ የተባለውን ማስታገሻም ከውጭ ገዝታችሁ አትስጧቸው፤ ብግነትን ቢቀንስም ኩላሊትን ሊጎዳ ይችላል፤ በዴንማርክ የተደረጉ ጥናቶችም አንጀታቸው በተቀጠለላቸው ሰዎች ላይ ከስፌት መልቀቅ ጋር ግንኙነት አግኝተውበታል።

የሚቀጥሉት ሦስት ቀናት የሚጠበቁበትም ምክንያት ይኸው ስፌት ነው። የተቀጠለ አንጀት በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይዞ የሚቆየው በክሩ ነው፤ ብግነቱ ኮላጅን የተባለውን አሮጌ የማያያዣ ፕሮቲን ሲያፈርስ አዲሱ ገና ስለማይደርስ ከሦስተኛው እስከ አምስተኛው ቀን ጉልበቱ ዝቅተኛ ይሆናል፤ ስፌቱ ከለቀቀ ምልክቱ በአብዛኛው በመጀመሪያው ሳምንት መጨረሻ አካባቢ ይታያል። በሦስተኛው፣ በአራተኛውና በአምስተኛው ቀን ሲአርፒ ከ150 በታች ሆኖ እየወረደ ከሄደ ስፌቱ የመልቀቁ ዕድል በጣም አነስተኛ ነው፤ ከዚያ በላይ መሆኑ ግን ለቋል ማለት ሳይሆን ይፈለግ ማለት ነው። ከቁጥሩ በፊት የሚናገር ምልክትም አለ። ትኩሳት ሳይኖር እንኳ የልብ ምታቸው በደቂቃ ከ100 በላይ ሆኖ ከቆየ፣ ትንፋሻቸው ከፈጠነ፣ ሽንታቸው ካነሰ፣ ሆዳቸው ከትናንት ዛሬ ይበልጥ ካበጠና ከጠነከረ፣ ወይም ሲያወሩ ነገር ከተምታታባቸው ጠዋት እስኪሆን ሳትጠብቁ ተረኛ ሐኪሙን ጥሩ። ለነገ ጉብኝት የምመክርዎ አንድ ጥያቄ ነው፦ ሲአርፒና ነጭ የደም ሕዋሱ በአራተኛው ቀን ይደገሙ እንደሆነ፣ ካልወረዱም የሆድ ሲቲ ስካን በየትኛው ቀን እንደሚታዘዝ ይጠይቁ፤ መልሱንም ለእህትዎ ያሳውቋቸው።